ቅሬው የዘጋው ዋሻ

ረቡዕ፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

ከደሴ የተነሣሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልቤ ጮቤ እየረገጠ ነበር፤ የምሄደው የተሠራ ሥራ አይቼ ልደሰት፣ እግረ መንገዴንም ልመሰገን ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልት የለሹ ጎዳና ወረድ ብሎ አንዲት መንደር አለች፤ ከመንደሯ በላይ ደግሞ የሌሊት ወፎች የሚኖሩበት ዋሻ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እየተመላለስኩ፣ የሌሊት ወፍ ሰብል የሚያጠፉ ነፍሳትን እንደምትለቅም፣ ኩሷ ማሳ እንደሚያለማ፣ አንዷ እናት በዓመት ከአንድ ልጅ በላይ እምብዛም እንደማትወልድ ስለፈልፍ ከርሜያለሁ። ድሮ ሽታው ሲያስቸግራቸው በጭስ ያባርሯቸው ነበር። ዘንድሮ ግን ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር፣ ዋሻውን እኔ እጠብቃለሁ ብሎ ተነሣ። ባለፈው ሳምንት ደውለው ምን እናድርግ ሲሉኝ የፈተና ወረቀት ተከምሮብኝ ነበር። የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ ሰው እንዳይገባባቸው ዝጉት አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ቃሉ እንዴት በቀላሉ ከአፌ እንደወጣ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሚኒባሱ ረዳት ለፖስተር ካርቶኔ የአንድ ሰው ሒሳብ ካልከፈልሽ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ፣ እንግዲያው ወንበር ስጠውና ይቀመጥ አልኩት፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ ግማሽ ከፍዬ ተገላገልኩ። አቀስታ ወርደን ሻይ በዳቦ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲያንገጫግጨን፣ አቧራ ስንጠጣ ቆይተን ሰባት ሰዓት ላይ መካነ ሰላም ገባን። ሽሮዬን በልቼ እንደጨረስኩ ወደ ወግዲ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁና ጋቢና ተሳፈርኩ። የግንቦት እርሻ ነው፤ ግራና ቀኙ አዲስ የተገለበጠ ጥቁር አፈር፣ ከበሬዎቹ ኋላ የሚጣሩ ገበሬዎች። ደስ ይላል።

ዋሻው

መገንጠያው ላይ አባ ሙሄ እየጠበቁኝ ነበር። ስማቸው ሙሄ ይሁን እንጂ ክርስቲያን ናቸው፤ ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የቅሬው ጥሩንባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት መንደሩን የሚጠሩት እሳቸው። ለሌሊት ወፎቹም ከሁሉ በፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ ከዋሻው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲወጡ ማየት ልማዳቸው ሆኗል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ለዋሻው የሠሩለት በር እንዴት እንዳማረ ሲነግሩኝ ቆዩና ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ከተዘጋ ሁለት ምሽት ሆነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው፤ አልወጡም። ተቀይመውን ይሆን?»

የቀረውን ቁልቁለት በሩጫ ወረድኩት። ዋሻው ጋ ስንደርስ የፈራሁትን አየሁት። ለካ የተራቆተ ተራራ ሲከልሉ እንደሚያደርጉት ነው ያደረጉት። ተራራ ሲከለል ፍየል የምትሾልክበት ቀዳዳ አይተውም፤ እነሱም ለዋሻው አልተዉም። ቆርቆሮውን በባሕር ዛፍ አጣና ወጥረው፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ገንብተው፣ ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ ለስነውታል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሥራ ለገዛ ቤታቸውም የሠሩ አይመስለኝም። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ፤ ከውስጥ ቀጭን፣ የደከመ ጭርጭርታ ይሰማል።

ጭቃውን በጥፍሬ መቧጠጥ ጀመርኩ። አባ ሙሄ እጄን ያዙኝ። በሩን የዘጋው ቅሬው ነው፤ ቅሬ የዘጋውን የሚከፍተው ተሰብስቦ ቅሬው ብቻ ነው አሉኝ። ብቻሽን ካፈረስሽው ነገ ሌላው መጥቶ በጭስ ቢያጥናቸው ማን ምን ይለዋል? እውነታቸውን ነው። ሰዉ ግን በየማሳው ተበትኗል፤ ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ቤት ለቤት እዞራለሁ ብላቸው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። እናቶቹ ወጥተው ካልበሉ ወተት የለ፤ ግልገሎቹ ሌላ ሌሊት አይችሉም።

ሁሉን በአንዴ የሚጠራ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ጥሩንባው። ያለ ሞት የነፋ ግን ከቅሬ ይሰረዛል። ከቅሬ የተሰረዘ ሲሞት ጎረቤቱ አካፋ አያነሣለትም። አይሆንም፣ ተዉ አባ፣ ሌላ መላ እንፈልግ ብዬ ለመንኳቸው። ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲመለሱ ጥሩንባውን ይዘዋል። ሦስት ጊዜ ነፉት።

ሰዉ መጣ

መንደሩ ነቅሎ ወጣ። ወንዶቹ በሬ እየፈቱ፣ ዶማና አካፋ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ዳገቱን ወጡት። የቅሬው ዳኛ አቶ ደምሌ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ሰው አልሞተም» አሉ አባ ሙሄ። «እነዚህን ግን ከነነፍሳቸው ቀብረናቸዋል።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ቀጥሎ ቁጣው መጣ። አንዲት እናት በሩቅ ያለ ልጄ መስሎኝ አንጀቴ ተቆረጠ ብላ ምድር ላይ ተቀመጠች። ያኔ አላስቻለኝም፤ ወደ ፊት ወጥቼ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። ዝጉት ያልኩት ከሰው ነው፤ ለእነሱ መውጫ ተዉላቸው ሳልል ቀረሁ፤ እናንተ እንደ ቃሌ ሠራችሁ። አቶ ደምሌ ገልመጥ አድርገውኝ አካፋ ተቀበሉና የመጀመሪያውን ጭቃ እሳቸው መቱት። ወዲያው ሁሉም ተረባረበ።

ቆርቆሮው ሲነሣ ራቅ ብለን ቁጭ አልን። ጀንበር ስትጠልቅ አንዷ ወጣች። ሦስት ተከተሏት። ከዚያ እንደ ንብ ጎረፉ፤ አንዳንዷ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ነጠላቸውን ገና ያላቃኑት ሴቶች «እሰይ፣ እሰይ» ይላሉ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሁሉም ግን አልወጡም። በባትሪ ገብተን ስናይ ዘጠኝ ግልገሎች መሬት ላይ ወድቀው ነበር። አቶ ደምሌ አንዱን አንሥተው ይዘውት ወጡ፤ ፀጉር እንኳ በቅጡ ያላበቀለ፣ ከአውራ ጣታቸው የማይበልጥ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ ታዲያ የጥሩንባው ነገር እንዴት ይሁን፣ ሕግ ሕግ ነው አለ። አባ ሙሄ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ዳኛው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ሕጋችን ያለ ሞት አይነፋም ነው የሚለው። ይኸው ሞት።»

ወንዶቹ አካፋ ይዘው መጥተው የለ፤ ከዋሻው አጠገብ ካለ ግራር ሥር ቆፈሩ። አካፋውን ለኔም አቀበሉኝ፤ አፈሩን ከመለሱት አንዷ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ቤቴ

ሐሙስን እዚያው ዋልኩ። ቅሬው ቆርቆሮውን ጥሎ ዋሻውን ራቅ ብሎ በአጥር ከበበው፤ አፉን ግን ወለል አድርጎ ተወው። ዓርብ ማታ ደሴ ገባሁ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ስለ ሌሊት ወፍ አይደለም፤ ያንን አውቅ ነበር። የሚያምነኝ ሰው ቃሌን እስከ መጨረሻው ጭቃ ድረስ እንደሚለስነው አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ ሥራ በዛብኝ ብዬ ግማሽ ነገር ተናግሬ ስልክ አልዘጋም።

ባለቤቴ ታሪኩን ሰምቶ፣ ሽማግሌው ቀባሪ እንዳያጡ አልፈሩም ወይ አለኝ። እኔም ሲሸኙኝ ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። አባ ሙሄ መንገዱ ዳር ቆመው ወደ ዋሻው አዩ።

«ፈርቻለሁ እንጂ» አሉኝ። «ግን ሰው ባይቀብረኝ እንኳ፣ ማታ ማታ በላዬ የሚያልፉ አሉኝ አልኩ።»