የማይለቅ ቀለም

ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አመድማ ሰማያዊ አውራ ዶሮውን ታቅፎ የገበያው ጥግ ላይ ይቆማል። የጌጥ ዶሮ አርቢ ነው። «ወንድሜ፣ የፈለግከውን የላባ ቀለም እዘዘኝ፤ አዳቅዬ አወጣልሃለሁ» ይለኛል። እኔ ግን ቀለም ውስጥ ነክሮ እንደሚያወጣው ጠርጥሬያለሁ፤ የጣቶቹ ጫፍ ምንጊዜም ጥቁር ነው፤ የፀጉር ቀለም ሲገዛም በዓይኔ አይቻለሁ።

ትናንት ድንገት ዶፍ ወረደ። «ዛሬ ጉድህ ፈላ» ብዬ በሆዴ፣ ዶሮው ላይ አፈጠጥኩ። ላባው እንዳለ ነው። ጥቁር ውሃ የወረደው ከሰውየው ጆሮ ግንድ ነበር።

በመሐረቡ ጠረግ ጠረግ አደረገና «አንድ የላባ ቀለም በማዳቀል እስኪጠራ ዓመታት ይፈጃል» አለኝ። «ታዲያ ሽማግሌን አምኖ ማን ይጠብቃል፣ ልጄ?»