ባለ ቀይ ክሮቹ ሠላሳ ችግኞች

አክስቴ እነዚያን ሠላሳ ችግኞች የፈታቻቸው ልታያቸው ነው ወይስ ልትገድላቸው? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እሷ ስትጠየቅ "ላያቸው ነዋ" ትላለች። እናቴ ስትጠየቅ ደግሞ "እሷን ጠይቋት" ትላለች።

ችግኝ ቤታችንን ያቆመው አያቴ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ትቶ በረንዳው ላይ በባዶ የወተት ጣሳ አበባ መትከል ጀመረ። አላፊ አግዳሚው "ይሸጣል?" እያለ ሲያስቸግረው አንድ ቀን "ይሸጣል" አለ። ሥራው በዚች ቃል ተጀመረ። በረንዳው ሲጠብ ጓሮው ተጨመረ፤ ጓሮው ሲጠብ የጎረቤት ባዶ ቦታ ተገዛ፤ የጥላ መረብ ተወጠረ።

ከመጀመሪያው ጣሳ ጀምሮ አፈሩን በወንፊት የምትነፋለት አክስቴ ነበረች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሞታለች። ካደገች በኋላ የበሩን፣ የመጋዘኑንና የውሃውን ቁልፎች በገመድ አስራ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ሰፈሩ "ባለ ቁልፏ" ይላታል። አንድ ሰው ለትዳር ጠይቋት ነበር። "ችግኙን ማን ያጠጣል?" አለችው። ሰውየው ሄደ። ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ ችግኝ ጭኖ ማድረስ እንጂ መትከል አይሆንለትም። ስለዚህ አያቴ የአንዱን ተክል እምቡጥ ሌላው ላይ የሚያጣብቅበት ማዳቀያ ሰንጢ አንድ ቀን የእሷ እንደሚሆን ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም። በቤታችን ሰንጢውን የያዘ ነው የቦታው ጌታ።

ከዚያ እናቴ ተዳረች።

እናቴ ግራኝ ናት፤ ስለ ተክል የምታውቀው ነገር አልነበረም። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ቆርጣ የጣለችውን የጽጌረዳ ጭራሮ ከመሬት አንስታ ለቀልድ ያህል ጣሳ ውስጥ ሰካችው። ጸደቀ። ሌላም ሰካች፤ እሱም ጸደቀ። አያቴ ማዳቀል አስተማራት፤ አክስቴ ሦስት ዓመት የፈጀባትን እናቴ በአንድ ክረምት ለመደችው።

ወሬው ወጣ። ዘወትር ቅዳሜ የሚመጣ ጡረተኛ መምህር ነበር። በር ላይ ቆሞ፣

"የምራታችሁ እጅ የነካው ካለ ስጡኝ" አለ።

"እኛ ችግኝ ነው የምንሸጠው፤ እጅ አንሸጥም" አለችው አክስቴ።

"ተይ እንጂ ባለ ቁልፏ፣ ያንቺም አይከፋም እኮ።"

አይከፋም። ይህቺ ቃል አክስቴ ጆሮ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት አፈር ነፍታ፣ ውሃ ተሸክማ፣ ብስባሽ አገላብጣ፣ አይከፋም። "የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው" አለችው ለአባቴ። አባቴ ሳቀ። ባይስቅ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ ስታጠጣ እያየች ውሃ በዛ ትላለች፤ ስታዘፈዝፍ ሳሙናው በዛ ትላለች። እናቴ እያንጎራጎረች ስትሠራ ከሰማች የውሃውን ሞተር ታስነሳለች። ከሁሉ የሚያቃጥላት ግን አያቴ እናቴን "የኔ ልጅ" ሲላት ነበር።

የአያቴ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁለቱን ሴቶች ጠራቸው።

"ሠላሳ ሠላሳ ብርቱካን አዳቅሉ። በሃያ አንደኛው ቀን እንፈታለን። የበዛላት ሰንጢውን ትወስዳለች።"

"እኔ ላይ ውድድር?" አለች አክስቴ።

"አንቺ ላይ አይደለም፤ ችግኙ ላይ።"

የብርቱካኑ እምቡጥ ከነልጣጩ በስሱ ይነሳና ብርቱካኑን የሚሸከመው የጎምዛዛ ሎሚ ችግኝ ቅርፊት ተሰንጥቆ ከውስጡ ይሸጎጣል፤ በላዩ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይጠመጠማል። ከዚያ ሃያ አንድ ቀን እስኪሞላ አይፈታም፤ አየር የገባው እምቡጥ ይደርቃል። አያቴ "የተኛ ሕፃን ነው፤ ተገልጦ አይታይም" ይል ነበር። አክስቴ ይህን የሰማችው በስምንት ዓመቷ ነው። የእሷ ችግኞች ላይ ሰማያዊ ክር፣ የእናቴ ላይ ቀይ ክር ታሰረ።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ አክስቴ በሩን ከፍታ ገባች። ከባለ ቀይ ክሮቹ አንዱን ፈታች። እምቡጡ አረንጓዴ ነው፤ ያብለጨልጫል። መልሳ ጠመጠመችው። ቀኑን ሙሉ ያ አረንጓዴ ከዓይኗ አልጠፋም። ምናልባት አንዱ ብቻ ይሆናል ብላ በማግስቱ ሌላ ፈታች። እሱም አረንጓዴ ነው። የደረቀ እስክታገኝ ድረስ በየማለዳው ሁለት ሦስት ነበር የምትፈታው፤ የደረቀ አንድ ቢገኝ ልቧ ያርፍ ነበር። አልተገኘም። በሃያኛው ቀን ሠላሳውም ተፈትተው አልቀዋል።

እኔን የሚያቆመኝ እዚህ ላይ ነው። አንዴ የፈታችውን ደግማ አልፈታችም። ደግማ ብታይ ኖሮ ዓይኗ የነካው እየደረቀ መሆኑን ታውቅ ነበር። ለምን ደግማ አላየችም?

በሃያ አንደኛው ቀን ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አያቴ ከባለ ቀይ ክሮቹ አንዱን አንስቶ ጥብጣቡን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። እናቴ ግራኝ ስለሆነች ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምትጠመጥመው። ይሄ የተጠመጠመው ወደ ቀኝ ነበር። አያቴ ጣቱን ሳያነሳ ቆየ።

"ምነው አባባ?" አለ አባቴ።

"ምንም። ፍቱ።"

ከሰማያዊዎቹ ሃያ ሦስቱ ይዘዋል። ከቀዮቹ አራት። እናቴ የጠቆሩትን እምቡጦች አየች፤ ከዚያ እጇን አየች። አያቴ ሰንጢውን ለአክስቴ ሰጣት።

"በይ ያዥ። ስለቱ ክፉ ነው፤ መጀመሪያ የሚቆርጠው የያዘውን ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ተክል መንካት ተወች። ጣሳ አጣቢ ሆነች። መምህሩ ቅዳሜ መጥቶ ሲጠይቃት "እጄን ሰው ነው ያሞካሸው እንጂ እኔ አላልኩም" አለችው። አክስቴ የፈለገችው ሁሉ ሆነላት፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አላት። ሦስት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አነጋች። ዓይኗ ቀላ፤ አንድ ጣቷን በሰንጢው ቆረጠች።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እናቴ ጣሳ ወደምታጥብበት ገንዳ አክስቴ መጣችና ቆመች።

"የፈታሁት እኔ ነኝ።"

"ምኑን እትዬ?"

"ያንቺን። ሠላሳውን።"

እናቴ እጇን ከውሃው አላወጣችም። "ለምን?"

"ላያቸው።"

"አይተሽስ?"

"አረንጓዴ ነበር።"

"ስንቱ?"

ይህን መናገር ለአክስቴ ከሁሉም ከበዳት። "ሁሉም" አለች በመጨረሻ።

"ሠላሳውም?"

"አልኩሽ እኮ። ሠላሳውም።"

እናቴ ፈገግ አለች። እያለቀሰችም ነበር። "ሠላሳ ከሠላሳ" አለች ለራሷ፤ "አባባ እንኳ ሃያ ስምንት ነው ያገኘው።"

አክስቴ ያን ፈገግታ ስታይ እንደገና ቅናት እንዳቃጠላት ራሷ ነግራኛለች። ቢሆንም ሰንጢውን ከኪሷ አውጥታ ገንዳው ጠርዝ ላይ አኖረች። እናቴ ለወጉ እንኳ "ይቅር፣ ያንቺ ነው" አላለችም። እርጥብ እጇን በቀሚሷ አድርቃ አነሳችው።

"ቁልፉን አንቺ ያዥ" አለቻት፤ "የኔ እጅ ጠዋት መነሳት አይወድም።"

በጥላ መረቡ ስር ባዶ ጆንያ ተከምሮ ነበር፤ አክስቴ ሄዳ ተቀመጠችበት፤ ቀጥሎ ጋደም አለች። አባቴ የመጋዘን ቁልፍ ፈልጎ ሲመጣ አፏን ከፍታ፣ ቁልፎቿን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አገኛት።

"ተዋት፣ ተኝታለች" አለችው እናቴ። "አትግለጣት።"

አባቴ ሰዓቱን አየ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር።