ስሙን ዘልዬ ያነበብኩት ጋዜጣ

ጅማ በመምህርነት በተመደብኩ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣውን ጋዜጣ አወቱ መንደራ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁጭ ብዬ ለደንበኞቹ አነብላቸው ነበር። ሰፊው ሙስሊም፣ እኔ ከሸዋ የመጣሁ ክርስቲያን፣ አድማጮቻችንም ከሁለቱም ወገን ነበሩ።

የአደጋ ዜና ሲሆን ያናድዱኝ ነበር። የሟቾቹን ስም ስጠራ የስሙ ወገን የሆነው ያዝናል፣ ሌላው ሻዩን ይጠጣል። ሟቹ ሹም ከሆነማ ሁሉም ጆሮ ጠቢ ፈርቶ በር በሩን ያያል።

ስለዚህ ስም መዝለል ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ገደል ስለገባ አውቶቡስ ያለ ስም ሳነብ ቤቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። በራሴ ኮራሁ። ከደዶ ቡና ይዘው የሚመጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ግን ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም።

«መምህር፣ ስሙን ከእኛ ደበቅከው እንጂ አንተ አይተኸዋል። ካየኸው በኋላ ድምፅህ ቀዘቀዘ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አብዛኞቹ ሟቾች ሙስሊሞች ነበሩ።

«ይልቅ ጥራው። እኛም ለሌላው ሰው ማዘን እንልመድ፣ አንተም ልመድ።»

እንደገና አነበብኩ። የክርስቲያን ስም ስጠራ ቀድመው «ነፍስ ይማር» ያሉት እሳቸው ነበሩ። የሙስሊም ስም ላይ ስደርስ «ኢናሊላሂ» ስል ተንተባተብኩ። ሰፊው ሊስቅ ሲል ሽማግሌው በዓይናቸው አስቆሙት።

«ቶሌ» አሉኝ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ «አሁን ድገመው።»