ቁልቁለት ላይ የምትበራው መብራት

አሮጌ መኪና ገዝቼ መንዳት በጀመርኩ ሰሞን፣ ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ላደርሳቸው ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ቁልቁለት ስንጀምር ግን ከመሪው ፊት ለፊት ቀዩ የፍሬን መብራት በራ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጠፋ፤ ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ እንደገና በራ።

«የኔታ፣ ፍሬኑ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ይጸልዩልን» አልኳቸው።

«እኔማ ከተነሣን ጀምሮ መቼ አቋረጥሁ?» አሉ።

ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ወርጄ ዳር ያዝኩ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው፤ የሚፈስ ነገርም የለም። ግራ እንደተጋባሁ ተመልሼ ሞተሩን ሳስነሣ መብራቱ የለም። እሰየው ብዬ መንገድ ጀመርኩ። ትንሽ ሄደን መንገዱ ሲያዘቀዝቅ በራ!

አሁንም ቆምኩ። ዞር ስል የየኔታ ጋቢ በመሃላችን ከፍ ብሏል። ገለጥ ባደርገው፣ ሲሳብ ያንኑ መብራት የሚያበራውን የእጅ ፍሬን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ላይ ይዘውታል።

«የኔታ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቁልቁለቱ ሲያስፈራኝ መያዣዋን ጠበቅ አደርጋታለሁ፤ መኪና የሠሩት ሰዎች ለሽማግሌ ማሰባቸው እንዴት ደስ ይላል!» አሉኝ።