ጋሽ ተሰማ ዳር ቀርተው እኔ የጠለቅኩበት ቅዳሜ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ኧርቪንግ

ጎህ አልቀደደም። ወደ ኤርፖርቱ የሚወርዱት አውሮፕላኖች መብራታቸውን አብርተው ከአፓርትመንታችን ጣራ በላይ ተራ በተራ ያልፋሉ። ታክሲዬን ደረጃው ሥር አቁሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ጋሽ ተሰማ ፎጣቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ወረዱ።

«ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ በሩን እየከፈቱ።

«ፍልሰታ አይደል ጋሽ? ከሰዓት እበላለሁ።»

«በባዶ ሆድ ውሃ አይገባም። እንካ፣ የለውዝ ቅቤ ነው፤ አያስገድፍም።» ዳቦውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

ጋሽ ተሰማን ለማያውቅ አንባቢ ላስተዋውቅ። በባሕር ኃይል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጠላቂ ነበሩ። ከመርከብ ሆድ ሥር ገብተው መርከቡን የሚገፋው ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ገመድ ሲፈቱ፣ የጠፋ መልሕቅ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ኤርፖርት አጠገብ ካለ ሆቴል መንገደኛ በሸትል መኪና ያመላልሳሉ። ባለፈው ወር ከዳላስ ከተማ በስተሰሜን ባለ አንድ ሐይቅ ላይ የጀልባ ማቆሚያ ያላቸው ሰዎች ጠላቂ እንደሚፈልጉ ሰሙና ሄደው አነጋገሯቸው። ሥራው የጀልባ ሆድ መፈተግና ውሃ ውስጥ የወደቀ ሞተር ማውጣት ነው። ሰዎቹ ወደዷቸው፤ ከዚያ «ካርድ አለህ?» አሏቸው። የጠላቂነት ካርዱን ይዘው እስከ ሰኞ ጠዋት ካልቀረቡ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ካርድ! አሥራ አራት ዓመት ቀይ ባሕር ውስጥ የኖረ ሰው ካርድ የለህም ተብሎ ከጀማሪ ጋር ተመዘገበ። ሦስት ቅዳሜ መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ መነጽሩ በጉም እንዳይሸፈን እንዴት እንትፍ እንደሚባልበት ሲያስተምሯቸው አጠገባቸው ነበርኩና ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን እንደ ማንኛውም ተማሪ እንትፍ አሉ።

እኔ እዚያ ምን እሠራ ነበር? ማንም ብቻውን አይጠልቅም፣ ሁሉም ጓደኛ ይኑረው የሚል ሕግ አላቸው። የሳቸው ጓደኛ ሆኜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። አሰብ ወደብ ላይ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ ባሕሩ አፍንጫዬ ሥር እያለ፣ ከጉልበቴ ያለፈ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የመጨረሻው ፈተና ዛሬ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ወደ ሰጠመች ጀልባ ወርዶ መመለስ። ያለፈ ሰው ካርዱን እዚያው ይቀበላል።

1 ሰዓት፣ ሪቻርድሰን

የአየር ሲሊንደሮቹን የምንጭነው ከጠላቂዎች ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት በር ነው። አስተማሪያችን ራንዲ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ሳቂታ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሲሊንደሮቹን በታክሲዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እየደረደረ ስለ ጀልባዋ ያወራልናል።

«ራሳችን ነን ያሰጠምናት! ስታምር ብታዩ። ዓሦቹ ቤት ሠርተውባታል።»

«ተመትታ ነው?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ኖ፣ ኖ፣ ሆን ብለን። ለመዝናኛ።»

ጋሽ ተሰማ መኪናው ውስጥ ገቡ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን አላስቻላቸውም።

«የጀልባዋ ቀፎ ደኅና ነበር?»

«ሞተሩን አውጥተው ነው አሉ፣ ጋሽ።»

«ስለ ሞተሩ አይደለም። ቀፎዋ ያፈስ ነበር ወይስ ደኅና ነበር?»

«አይ፣ ደኅና ነበር መሰለኝ።»

«እንግዲህ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። መርከብ እንዳይሰጥምባቸው ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲቀዱ ያደሩ ሰዎች ያሉበት ዓለም ውስጥ፣ ደኅናዋን ጀልባ ቀዶ አስጥሞ ቲኬት የሚቆርጥባት ጤነኛ ነው? እስከ ጋርላንድ ድረስ ስነጫነጭ ሄድኩ።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ሳክሲ

ገና ቀለማቸው ያልደረቀ የጡብ ቤቶች፣ ከነሱ አልፎ ሁለት ፈረስ የቆመበት በረት፣ ከዚያ ደግሞ ጡብ ቤት። ቤንዚን ልቀዳ፣ ሻይም ልገዛ ቆምኩ። የነዳጅ ማደያው ሱቅ ውስጥ የዓሣ መያዣ ትል በቆርቆሮ ይሸጣል፤ ካውንተሩ ላይ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ እንቁላል የሞላበት ማሰሮ ተቀምጧል። ገንዘብ ተቀባዩ ፎጣችንን አየና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ልንጠልቅ ነው አልነው።

«ከየት ነው የመጣችሁት? አፍሪካ?»

«ኢትዮጵያ።»

«እዚያ ውሃ አላችሁ እንዴ?»

አፌን ከፈትኩ። ዓባይን፣ ጣናን፣ አዋሽን ልዘረግፍለት ስል ጋሽ ተሰማ ክንዴን ያዙ። «ኦኬ ነው፣ ኦኬ ነው፤ ሻይህን ያዝና እንሂድ። ለሁሉም መልስ ስትሰጥ ቀኑ ያልቃል።» ሻዩ ሞቅ ያለ ውሃ ነበር፤ በመኪናው መስኮት ደፋሁት።

3 ሰዓት፣ ጠጠር ጉድጓዱ

ከአስፋልቱ ወጥቶ ነጭ አቧራ ባለው መንገድ ትንሽ እንደሄዱ፣ ድሮ ጠጠር ሲያወጡበት የነበረ ውሃ የሞላው ትልቅ ጉድጓድ ይገኛል። ዳሩ ላይ ከእንጨት የተሠራ መረማመጃ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ሥጋ የሚጠበስበት በርሜል አለ። መሐሉ ላይ ቢጫ ተንሳፋፊ ኳስ ይታያል፤ ጀልባዋ ከሱ ሥር ናት። ጋሽ ተሰማ ውሃውን ሲያዩ ትከሻቸው ሰፋ። ለሆቴሉ እንግዶች ሻንጣ ሲያነሱ የማውቃቸው ሰው አልነበሩም።

በሩ ላይ ቬንቲሌተር ፊቷ ላይ አዙራ የተቀመጠች ሴትዮ አለች። መታወቂያ ጠየቀችን። የኔን አየችና መለሰች። የሳቸውን መንጃ ፈቃድ ይዛ ግን በጣቷ ቆጠረች።

«ጃንዋሪ አንድ፣ 1934። ስልሳ ሁለት ዓመት። ከስልሳ በላይ ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«የለኝም» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ማንም አልነገረኝም።»

«ኢንሹራንሳችን ነው። ያለ ደብዳቤ መግባት አይቻልም።»

እኔ ክው አልኩ። ጋሽ ተሰማ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው አይደለም። የተወለዱት በእኛ አቆጣጠር በ1934 ነው፤ በፈረንጅ ሲሰላ ሃምሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ስምንት ዓመት የጨመረባቸው አሜሪካዊ አይደለም። መንግሥት ወድቆ በመርከብ የመን ስንገባ፣ መጠለያው ድንኳን ውስጥ እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ የስደተኛ ፎርም የምሞላው እኔ ነበርኩ። መቼ ተወለዱ አልኳቸው፤ በ34 አሉኝ፤ 1934 ብዬ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው «ወደ ፈረንጅ መቀየር አለበት እኮ» ሲለኝ የሳቸው ፎርም ሄዷል። ገና ያልሄደውን የራሴን አስተካከልኩ። ለሳቸው ግን ስምንት ዓመት ምን ያደርጋል ብዬ ዝም አልኩ። ወሩንና ቀኑን ስላልጻፍኩት ደግሞ ቢሮው እንደ ልማዱ ጃንዋሪ አንድ አደረገው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ምን አደረግኩ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሴትዮዋ ላይ ጮህኩ።

«ስልሳ ሁለት አይደሉም! አገራችን ሌላ ካሌንደር ነው ያለው፤ እዚያ አሁን 1988 ነው!»

«1988?» አለች፤ ሳቋ መጣ። «ታዲያ እዚያ ብሄድ ዕድሜዬ በስምንት ዓመት ሊቀንስልኝ ነው?»

«ሳቂ! ይህ ሰው ውሃ ውስጥ የሠራውን አንቺ በሕልምሽ አታዪውም! ካርድ፣ ካርድ፣ ካርድ! ሰውየውን እይው እንጂ፤ ስልሳ ሁለት ይመስላል?»

«እኔ የማነበው ካርዱን ነው፣ ጌታዬ።»

ጋሽ ተሰማ ከፎጣቸው ውስጥ የባሕር ኃይል የምስክር ወረቀታቸውን አወጡ። ማኅተሙ አሁንም ሰማያዊ ነው። ሴትዮዋ ገለባበጠችው፤ ማንበብ አልቻለችም፤ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። ራንዲ ጭንቅላቱን እያከከ መጣ። ሰኞ ሐኪም ቢያያቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሯቸው እንደሚጠልቅ ነገራቸው። ሰኞ ጠዋት ሥራው እንደሚያልፍ ስነግረው «አዝናለሁ» አለ፤ ያዘነም ይመስለኛል። ግን ያዘነ ሰው ሁሉ በር አይከፍትም።

«እኔም አልገባም!» አልኩ።

ያኔ ነው ጋሽ ተሰማ ጣልቃ የገቡት። «ትገባለህ። ሦስት ቅዳሜ የለፋኸው ለምንድነው? ዓመቴን ፈረንጆቹ አንዴ አበላሹት፤ ምን ይደረግ። ሂድ ልበስ።»

ፈረንጆቹ። እውነቱን ሳልነግራቸው ሄጄ ለበስኩ።

5 ሰዓት፣ ስድስት ሜትር

ወደ ታች የሚስበኝን የእርሳስ ቀበቶ ያጠበቁልኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። የሲሊንደሩን መክፈቻ ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። «አትሩጥ። አየሩን አትሻማው፤ ያንተ ነው» አሉኝ። መረማመጃው ጫፍ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆመው ሳያቸው ዘልዬ ገባሁ።

ውሃው ላይኛው ሞቃት፣ ታችኛው እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ከሁለት ክንድ በላይ አያሳይም። የኳሱን ገመድ ይዤ ወረድኩ። ከዚያ ጀልባዋ ብቅ አለች። ግራ ጎኗ ዘንበል ብሏል፣ ዝገቷ ላይ አረንጓዴ ጸጉር በቅሏል፤ የነጂው ክፍል መስኮቶች መስታወት የላቸውም፣ ትናንሽ ዓሦች በአንዱ ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ራንዲ ከኪሱ ቋሊማ አውጥቶ ቆረሰላቸው። እኔ ፍልሰታ ይዤ፣ የጠጠር ጉድጓድ ዓሣ ቋሊማ ይበላል! ውሃ ውስጥ ሆኖ መናደድ እንደሚቻል ያን ቀን አወቅኩ፤ አየር ግን ይፈጃል።

በስተኋላ በኩል ፕሮፔለሯ አለ። የዓሣ መያዣ ክር ከነመንጠቆው ተጠምጥሞበታል። አጠገቡ ተንበርክኬ ፈዝዤ አየሁት። ይህንን የሚፈታ ሰው ከራሴ በላይ ስድስት ሜትር ላይ ባዶ እግሩን ቆሟል፤ ወደ ታች የተላክሁት እኔ ነኝ፣ ቢላዋ ቢሰጡኝ ጣቴን የምቆርጠው። ለፈተናው መነጽሬን ውሃ ሞላሁት፣ እንደ ተማርኩት በአፍንጫዬ ነፍቼ አስወጣሁት፤ ራንዲ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ አሳየኝ። አለፍኩ። ካርዱን መረማመጃው ላይ ውሃ እየተንጠፈጠፈብኝ ተቀበልኩ፤ ሰው አጨበጨበ። ያፈርኩበት ጭብጨባ ቢኖር ያ ነው።

8 ሰዓት፣ መልስ መንገድ

«ፕሮፔለሯ አለ?» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ መኪናው ገና ከአቧራው ሳይወጣ።

«አለ። የዓሣ ክር ተጠምጥሞበታል።»

«ስንት ዙር?»

«አልቆጠርኩም።»

«መቁጠር ነበረብህ። ካልቆጠርክ ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።» ከዚያ «ካርዱን አሳየኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው አርቀው አነበቡት።

«ያንተ ልክ ነው» አሉ። «የተወለድክበት ዓመት። ያንተን በደንብ ጻፉልህ።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ነገርኳቸው። ድንኳኑን፣ ፎርሙን፣ የራሴን ማስተካከሌን፣ ዝም ማለቴን።

«አቁም» አሉ።

«ጋሽ ተሰማ፣ እዚህ ፓርክ ማድረግ...»

«አቁም አልኩህ!»

ዳር ይዤ ቆምኩ። ወጡ። የጭነት መኪናዎች እያለፉ ሸሚዛቸውን ያራግቡታል። እኔም ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ያልጮሁት ሰው እዚያ አስፋልት ላይ ጮሁ።

«አምስት ዓመት ሙሉ ፈረንጅ ስረግም! ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ወፍጮ ፋብሪካው አርጅተሃል ብሎ ሲመልሰኝ የት ነበርክ? አንተ አይደለህ ያደረስከኝ? በሩ ላይ አልጠበቅከኝም?»

«ነበርኩ፣ ጋሽ።»

«ዛሬስ ያቺን ምስኪን ሴትዮ ስትሰድባት፣ ስድቡ የሚገባው ለማን ነበር?»

«ለኔ።»

«የራስህን አስተካከልክ! እንዴት አስተካከልክ? እጅህ እንዴት ታዘዘልህ?»

ቀኑን ሙሉ በካርድ፣ በኢንሹራንስ፣ በዓሣ ሳይቀር ስናደድ የነበርኩት ሰውዬ ሣሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ጋሽ ተሰማ ወደ መኪናው ሲመለሱ የፊተኛውን በር አልከፈቱም። ኋላ ገቡ፤ እንደ ተሳፋሪ። እኔም እንደ ሹፌር ነዳሁ።

10 ሰዓት፣ ኧርቪንግ

ሙቀቱ አስፋልቱን አላልቶታል። ደረጃው ሥር አቆምኩ። ከመውረዳቸው በፊት በመስተዋቱ አዩኝ።

«ሰኞ ሸትል አለብኝ» አሉ። «አምስት ሰዓት ላይ ግን ትወስደኛለህ፤ ወደ ስደተኛ ቢሮው። ያደረግከውን በአፍህ ትነግራቸዋለህ፣ ትፈርማለህ።»

«እሺ ጋሽ።»

«ከመታረምህ በፊት የስንት ሰው ፎርም ሞልተሃል?»

«ስምንት... ዘጠኝ።»

«የት ናቸው?»

«ሦስቱ እዚሁ ዳላስ ናቸው። ሌሎቹን አላውቅም።»

«ያውቃሉ?»

ዓይኔን ከመስተዋቱ አነሳሁ። በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ፎጣቸውን ረስተውት ነበር፣ ተመልሰው ወሰዱ። «ንገራቸው» አሉኝ። «ሁሉንም።»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። በዚያ ሙቀት፣ እስከ ሦስተኛው ፎቅ፣ መደገፊያውን ሳይነኩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡ። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው።