መከታ በዶሮ አጥንት ሊሞትብኝ ነበር

ዛሬ፣ በፋሲካ ምድር፣ እጄ እስከ አንጓው ድረስ ውሻዬ አፍ ውስጥ ነበር።

መከታ የዶሮ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት አረፋ ይደፍቃል። ጣቴ ግን አልደርስ አለ።

አጥንቱን የሰጡት ጎረቤቴ እትዬ የሺ ያለቅሳሉ። «ሁዳዴን ሙሉ ከእኛ ጋር ሽሮ ፍትፍት ሲበላ ከርሞ፣ እሱ ብቻ ሳይፈስክ ይዋል?» ይላሉ። ምን ብዬ ልቆጣቸው?

ከጊዮርጊስ በታች ያለው አርመናዊው ጫማ ሰፊ ጉጠቱን ይዞ ደረሰልንና አጥንቱን መዥርጦ አወጣው። (ጫማዬን ከጥምቀት ጀምሮ አላደረሰልኝም፤ ዛሬ ግን ይቅር ብዬዋለሁ።)

የአራዳ ልጆች፣ እባካችሁ የበሰለ የዶሮ አጥንት ለውሻ አትስጡ፤ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ሽንኩርትና በርበሬ ያለበት ወጥም ይጎዳዋል። ጾም ለከረመ ሆድ አጥንት የሌለው ትንሽ ሥጋና ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል።

አሁን እትዬ የሺ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ሥጋ በጣታቸው እየዳበሱ መከታን ያጎርሱታል። እሳቸው ራሳቸው እስካሁን አልፈሰኩም።

የናንተስ ውሻ ዛሬ በምን ፈሰከ?