ሞቼ ስመለስ ለተሾመ የነገርኩት

እዚህ ገጽ ላይ ካላችሁት ጓደኞቼ ሁሉ ሞቶ የተመለሰ እኔ ብቻ ነኝ።

እሺ፣ ሙሉ በሙሉ አልሞትኩም። ግን ጋቢ አልብሰውኝ ሴቶቹ ሙሾ ጀምረውልኝ ነበር። ይሄ ከሞት ብዙም አይርቅም።

ዛሬ ጠዋት የተሾመ ሴት ልጅ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ደውላ "አባዬ አረፈ" ስትለኝ፣ "ትንሽ ጠብቁት፣ ይነሳል፤ እኔስ ተነስቼ የለ?" አልኩ። ከጀርባዋ ልቅሶ ይሰማል። ያኔ አመንኩ።

ተሾመን ለማታውቁት፦ በደርግ ጊዜ እንጦጦ ላይ አብረን አጠና እንጭን ነበር። የተቆረጠውን ባሕር ዛፍ በትከሻችን አምጥተን መኪና ላይ እንደረድራለን፣ ሾላ ወርደን እናራግፋለን። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ። ጴንጤ መሆን ያኔ እንደ ዛሬ አይደለም። በር ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚዘመረው። ተሾመ ግን ከቀበሌው ይልቅ የሚፈራው እናቱን ነበር።

እናቱ እትዬ ብርቄ ልትሞት ስትል አንድ ነገር ለመነችው። "ተዝካሬን አውጣልኝ ልጄ፣ ነፍሴ ያለ ጸሎት እንዳትንከራተት።"

"እማዬ፣ ለሞተ ሰው አይጸለይም። አሁን እያለሽ ልጸልይልሽ" አላት።

"እንግዲያው በሰማይም አላውቅህ" ብላው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያው አረፈች። አርባዋም ያለ ተዝካር አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ተሾመ ሳቅ ተወ። "የጴንጤና የኦርቶዶክስ ገነት ለየብቻ ቢሆንም በአጥሩ ቀዳዳ ትጨዋወታላችሁ" ስለው እንኳ ፈገግ አላለም። አጠናውን ይሸከማል፣ ያወርዳል፣ በቃ።

አንድ ቀን ስንጭን ገመዱ ተበጠሰና ያ ሁሉ አጠና እኔ ላይ ወረደ።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ጉራ እንዳትሉት። ሕመም የለም። እንደ ማለዳ ብርሃን ያለበት ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ራቅ ብላ ነጠላ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከዚያ ከኋላዬ የተሾመ ድምፅ መጣ። "ጌታ ሆይ፣ መልሰው! በኢየሱስ ስም መልሰው!" እያለ ይጮኻል። በጠራራ ፀሐይ፣ ጭነት ሊቆጣጠር የመጣ የቀበሌ ካድሬ አጠገቡ ቆሞ።

ዓይኔን ስገልጥ ሙሾው ቆመ፣ ጥያቄው ጀመረ።

ጩኸት ሰምተው የመጡት የእትዬ ብርቄ ነፍስ አባት፣ "ልጄ፣ እመቤታችንን አየሃት?" አሉኝ።

ሳልመልስላቸው ካድሬው ቀድሞኝ፣ "ምንም የለም በል! ጨለማ ነበር በል! ሕዝብ እንዳታደናግር!" አለኝ።

"ጓድ፣ ገና ከመድረሴ መለሳችሁኝ እኮ። ትንሽ ብትታገሱ አጣርቼ ሪፖርት አደርግ ነበር" አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። ዞሮ የተሾመን ክንድ ያዘ። "አንተ ደግሞ ና፣ ጸሎትህን ቀበሌ ታስረዳለህ" አለው። ለእኔ ጸልዮ እሱ ታሰረ።

ሲፈታ ቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ጭንቅላቱን ላጭተውታል፣ ከስቷል። እኔ ወገቤ ታስሮ ተኝቻለሁ። ስለ እስሩ አንድም ነገር አላወራም። አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና፣

"እናቴን አየሃት?" አለኝ።

"አየኋት።"

"ተናገረች?"

"'ስለ ተዝካሩ አልተቀየምኩም በለው' አለች።"

ፊቱን ጋቢዬ ውስጥ ቀብሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቀና ሲል ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የምታውቁት ሳቂታው ተሾመ ያ ነው።

"ይሄ ጉረኛ ነው፣ እንዳታምነው" ሲሉት "አፉ ይዋሻል፣ ልቡ አይዋሽም" ይላቸው ነበር። ዕድሜ ልኩን እንዲህ እንዳለ ኖረ። እኔም ሰምቼ ዝም።

በኋላ አንድ ነገር ያዘ። "ፊደል ተማርና ያንን ቃሏን በራስህ እጅ ጻፍልኝ፣ ልጆቼ ያንብቡት" ይለኛል። በመሠረተ ትምህርት ዘመን "አውቃለሁ" ብዬ ያመለጥኩ ሰው፣ በስተርጅና ማታ ማታ ክፍል ገባሁ። ዘንድሮ ጨረስኩ፣ አንደኛ ወጥቼ። (ክፍሉ ትንሽ ነበር፣ ቢሆንም።) "የታለ ጽሑፉ?" ባለኝ ቁጥር ግን "ገና 'ጠ' ላይ ነኝ" እያልኩ ገፋሁት። ፊደሉ አልቸገረኝም። እውነቱን ልንገረው ወይስ ያንን ልድገምለት የሚለው ነው እጄን የያዘው። ይኸው፣ እጄ ሲፈታ አንባቢዬ ሄደ።

ከሥር "ነፍስ ይማር" እያላችሁ የምትጽፉ፣ አመሰግናለሁ። ተሾመ ግን አይወደውም ነበር። እኔም ለማለት ጀምሬ አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት። ሌላ የማውቀው የለኝማ።

ተሾመ ወንድሜ፣ ነፍስህን ይማረው፤ አትቆጣኝ። ነገ በጴንጤዎቹ መቃብር ታርፋለህ፣ እናትህ ከተራራው ሥር ደብሩ ግቢ ናት። እዚህ በመካከላችሁ አጥር አለ። እዚያ ሜዳው ላይ ግን አጥር አላየሁም፣ ይሄ እውነት ነው። ብርሃኑም እውነት ነው። ሴትዮዋም ነበረች፣ እናትህ መስላኛለች።

ግን አልዞረችም። ለእኔ ብለህ ታስረህ መጥተህ፣ ያንን እንዴት ልንገርህ?

ደህና ሁን፣ የኔ ጌታ። ካገኘሃት ራስህ ጠይቃት። ያኔ "አልተቀየምኩም" ያለችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ።